የካቦ ተስፉ እርጥብ ጨርቅ

የተቆረጠ ድንጋይ ይሸታል። አይሸትም የሚል ካለ አጠገቡ ቆሞ አያውቅም። በልጅነታችሁ ሁለት ባልጩት አጋጭታችሁ ወደ አፍንጫችሁ ያስጠጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የተለበለበ ፀጉር የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ምላስ ላይ እንደ አመድ የሚቀር ነገር ነው። ሰሞኑን ጎረቤቴ ቤት ያሠራል። አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ መቁረጫ ድንጋዩን ሲይዘው ሰፈሩ በሙሉ ይጮሃል። ነጩ ብናኝ እንደ ዱቄት ይነሣና አጥሬን ተሻግሮ ጌሾዬ ላይ ያርፋል። ወጣቱ ሲቆርጥ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። አፉን ግን አይዘጋም፤ ከጓደኛው ጋር ስለ ኳስ እያወራ ነው።

ወጥቼ ተቆጣሁት። "ውሃ አፍስስበት እንጂ! አፍህንም ሸፍን!" አልኩት።

"አባባ፣ ደግሞ አቧራ ማንን ገደለ?" ብሎ ሳቀብኝ።

መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ግን ለሚስቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ሽታው ግን አብሮኝ ገባ፤ ከሽታው ጋር ደግሞ አንድ ቡትስ ጫማ የሚጎትት፣ ፀጉሩን ቅቤ የሚቀባ፣ ጠዋት ማታ የሚያፏጭ ሰው ገባ። ይህን ሰው ካየሁት ዕድሜ ልክ ሆኖኛል።

ያኔ ደብረ ማርቆስን ትልልቆቹ ሰዎች ገና መንቆረር ይሏት ነበር። ጣሊያን ገብቶ ዙሪያዋን በሽቦ አጥሯል። ከሽቦው ወዲያ ያለው አገር የአርበኛ ነው፤ ከሽቦው ወዲህ ያለነው የማንም አልነበርንም። ለሹማቸው የሚሆን ትልቅ ቤት ከጉብታው ላይ ጀመሩ። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ለመሠረቱ ይሁን፣ ለፊቱ ግን አይሆንም ተባለ፤ ፊቱ ጠቆረባቸው መሰለኝ። ስለዚህ ከአባይ በረሃ አፋፍ ፈዛዛ ድንጋይ በካሚዮን ይመጣ ጀመር። ካሚዮኑ ዳገቱን ሲወጣ እንደ ታመመ በሬ ያቃስታል፤ እኛ ልጆች ድምፁን ስንሰማ አጥር ላይ እንንጠለጠላለን። ድንጋዩ ያምር ነበር። ቀለሙ ሰፈፍ ይመስላል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ውስጡ ስኳር እንደ ተነሰነሰበት ብልጭ ብልጭ ይላል። እንደ ጥቁሩ ድንጋይ እጅ አይሰብርም፤ መሮ ሲነካው እሺ ብሎ ይላላል። ጠራቢዎቹ ወደዱት። አባቴ እንኳ ማታ እቤት ሲገባ፣ "ለሥራስ የሚመች ድንጋይ ነው" ይል ነበር፤ ለጣሊያን የሚሠራ ቤት ድንጋይ ማመስገኑ እያሳፈረው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያ ብልጭታ ነው ሳንባ የሚበላው። ይህን እኔ የገባኝ ጎልምሼ ፊደል ከለየሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ነገሩ የገባው አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም የሚሰማው ጠፋ።

ተስፉ ይባላል። ከመረብ ማዶ ነው የመጣው። እዚያ ጣሊያን ቀድሞ ስለ ገባ ቋንቋቸውን ያውቃል፤ ድንጋይ ጥረባም ከእነሱ ተምሯል። የጠራቢዎቹ ካቦ አድርገው አመጡት፤ ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ ነው። ሰው ፊት ለፊት "ካቦ ተስፉ"፣ ዞር ሲል "ባንዳው" ይለዋል። ማደሪያ ሲፈለግለት የኛ ግቢ ለሥራው ቅርብ ሆኖ ተገኘና ከጥጃ ቤታችን ጎን ያለችውን ጎጆ አስለቅቀው ሰጡት። አባቴን የጠየቀው የለም።

እውነቱን ልናገርና ተስፉ ደስ የሚል ሰው አልነበረም። ይኩራራል። በሦስት ቋንቋ ይሳደባል። የወታደር ቡትስ ሰጥተውት ሰፍቶት ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቆ ያደርገዋል፤ ሲራመድ ቋ ቋ እያለ ዶሮ ያስበረግጋል። መስተዋት ይዞ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ጢሙን ሲያሾል ካየሁት ጊዜ የበዛ የለም። ለእናቴ ግን ትሑት ነበር፤ "እትዬ ውዴ" ሳይል ጠርቷት አያውቅም፤ ከስንቁ ጋሌጣ የሚሉት ደረቅ ብስኩት ሲተርፈው ለእኛ ለልጆቹ ይሰጠን ነበር። አባቴ ሲያየን ከእጃችን ነጥቆ ለውሻው ይወረውረዋል። ውሻው ደስ ይለው ነበር።

አንድ ልማድ ነበረው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ጎጆው አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ይቆምና የነፋሱን አቅጣጫ በጣቱ ይለካል፤ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ኮቱን፣ ሱሪውን፣ ቆቡን አውልቆ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋቸዋል፣ እንጨት ላይ ይሰቅላቸዋል፣ ከዚያ ራሱንና ፊቱን እስከ ጆሮው ጉድጓድ ታጥቦ ሌላ ልብስ ይለብሳል። ክረምትም በጋም ይኸው ነው። ጎረቤቶቻችን ምሽት ላይ ወጥተው ያዩት ነበር። "ካቦው ኃጢአቱን ሊያጥብ መጣ" ይላሉ። "ቢያጥበው ያልቅለታል?" ይላል ሌላው። ይስቃሉ።

አባቴ ደግሞ እንደ ነጭ ሐውልት ሆኖ ይገባል፤ ቅንድቡ ነጭ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ። ታናሽ እህቴ እየሮጠች ትጠመጠምበታለች። እናቴ ጋቢውን ተቀብላ እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ እሳቱ አጠገብ፣ በዱላ ትደበድበዋለች፤ ብናኙ በእሳቱ ብርሃን እየተሽከረከረ ወደ ጣራው ሲወጣ እኛ ልጆች አፋችንን ከፍተን እናያለን። ውብ ነገር ነበር። አንድ ቀን ተስፉ በበር ሲያልፍ ይህን አየና፣ "እትዬ ውዴ፣ ደጅ! ስለ እመቤታችን ደጅ አራግፊው!" ብሎ ጮኸ። አባቴ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ "በገዛ ቤቴም ካቦ ሊሆንብኝ ነው?" አለ። ጋቢው እቤት ውስጥ መራገፉ ቀጠለ።

አባቴ አንዳርጌ ገበሬ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጫካ ገብቷል። እሱ ግን እናቴንና እኛን ጥሎ መሄድ አቅቶት ቀረ። ወደ ድንጋዩ ሥራ ጎትተው ነው የወሰዱት። ስለ መቅረቱ ማንም አልሰደበውም፤ ራሱን ግን ሲሰድብ ይውል ነበር። ይህን ካላወቃችሁ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም።

ተስፉ ለጠራቢዎቹ ያወጣው ደንብ ነበረው። ድንጋዩ ከመጠረቡ በፊት አዳሩን ጉድጓድ ውስጥ ይነከራል። ሲጠረብ በቅል ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ከሁሉ በላይ ግን፣ እያንዳንዱ ሰው አቡጀዲ ቀድዶ፣ ውሃ ነክሮ፣ አፍንጫና አፉን ጥርቅም አድርጎ ያስራል። ለምን እንደሚያድን ብትጠይቁት አያውቅም። "እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀው ያሰርነው እንደቀረን፣ ያላሰሩት እንዳለቁ ነው" ይላል። ካለቁት ውስጥ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ናቸው። በአገራቸው ለባቡር መንገድ ተራራ ሲበሱ ነው አሉ። ይህን ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ የመጨረሻው ወንድሙ ሲተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ነበር ብሎ ድምፁን ሊያሳያት ሞከረና መሐል ላይ ተወው።

መጀመሪያ ሰዎቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ያስሩ ነበር። ከመካከላቸው ጥሩነህ የሚባል አንድ ተረበኛ አለ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሱ ከመሮው የሳለ። ጨርቁን ባሰሩ ቁጥር፣ "እነሆ የተለጎሙት በቅሎዎች መጡ! አንዳርጌ፣ ገብሱን ማን ያበላሃል?" ይላል። ሁሉም በጨርቁ ውስጥ እየሳቁ ይሠራሉ። እናቴ ከሌሎች ሴቶች ጋር ለሥራው ውሃ በእንስራ ትቀዳ ስለነበር እኔም ቀሚሷን ይዤ እሄድና ይህን ሁሉ አይ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድም ሰው አላሳለም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አፉ አይገባም። ሰዎቹ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ጨርቃቸውን ወሰዱና ቆም አሉ። እርጥብ ነው። ከንፈር ላይ ይታሰራል። ሲተነፍሱት እርጥበቱ ይገባል፤ ሲናገሩ ምላስ ይነካዋል። ማን ቀድሞ እንደተናገረ እንጃ፤ ብቻ ጥሩነህ ጨርቁን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ፣ "ካቦ፣ ይህ ውሃ ነው ወይስ ጨርቅ?" አለ።

"ጨርቅ ነው" አለ ተስፉ።

"ታዲያ ለምን ይንጠባጠባል?"

ሁሉም ጨርቁን ጣሉ። ተስፉ ለመናቸው፤ "እኔም ጿሚ ነኝ፣ እኔም ማተብ አለኝ" ብሎ የአንገቱን ክር ጎትቶ አሳያቸው። ያ የባሰ ሆነ። ጣሊያኖቹ ጾም የላቸውም፤ ይህ ሰው ደግሞ ከጣሊያን ጋር የመጣ ነው፤ ጾም አስፈትቶ ሃይማኖት ሊያስለውጥ ነው የተላከው ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ክፍት ሆኖ ይጠርባሉ። ከዘጠኝ በኋላ ያስራሉ፤ ግን ያን ጊዜ ቀኑ አልቋል፤ ደረታቸውም የሚጠጣውን ጠጥቷል። ሁዳዴ ደግሞ በጋ ነው፤ ነፋሱ ከጮቄ ተራራ በኩል ደረቅ ሆኖ ይወርድና ብናኙን ከአንዱ ፊት አንሥቶ ሌላው ፊት ላይ ይደፋዋል። በሩቅ ሲታዩ ዳመና ውስጥ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር።

እናቴ አባቴን ማታ ማታ ትለምነው ጀመር። አንድ ማታ የተናገረውን አልረሳውም። "አገሬን ወሰዱ፤ ዝም አልኩ። ጉልበቴን ወሰዱ፤ ይኸው እየጠረብኩ ነው። አሁን ከንፈሬን ልስጣቸው? ምን ይቅረኝ ውዴ?" አላት። ሰውዬው ትክክል ነበር፤ ትክክለኛነቱ ነው የገደለው።

ተስፉ ተስፋ አልቆረጠም። እናቴን፣ "ወደ ንስሐ አባታችሁ ውሰጂኝ" አላትና ሄድን። መምሬ አድማሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥድ ሥር ጭራቸውን እያወዛወዙ ተቀምጠው ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህንንም ልናገር። ተስፉ ቡትሱን አውልቆ በባዶ እግሩ ቀርቦ መስቀል ተሳለመ።

"አባቴ፣ ለሥራ ብሎ እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ጾም ይሽራል?" አላቸው።

"ውሃው ወደ አፍ ይገባል?"

ተስፉ ትንሽ አሰበ። ያቺን ትንሽ ጊዜ እኔ ዛሬም አያታለሁ። አይገባም ቢላቸው አለቀ፤ ይፈቅዱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ስድብና ጉራ መካከል ግን የሰውዬው ምላስ በዚያች ሰዓት መዋሸት አልቻለም።

"አንዳንዴ ጠብታ ይገባል" አለ።

"እንግዲያ መልሱን ራስህ ተናገርከው።"

"አባቴ፣ ይሞታሉ እኮ።"

"የታመመ ሰው ውሃ ይፈቀድለታል። ደኅና ሰው ግን አይፈቀድለትም" አሉ መምሬ።

"እንግዲህ እስኪታመሙ ልንጠብቃቸው ነው?"

መምሬ ጭራቸውን አቆሙ። እናቴን አዩ፣ ወደ ሽቦው አዩ። ያኔ ካህን ለጣሊያን ሥራ የሚመች ቃል ተናገረ ከተባለ ነገ ምእመኑ መስቀሉን አይሳለምለትም። ፈሩ ማለቴ ነው። በፍርሃታቸው አልፈርድም፤ ግን አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅባቸው፤ ያን አንድ ቃል ዋጡት። "ሂዱ፣ እግዚአብሔር ይጠብቃቸው" አሉን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ ሳል ያዘው። እናቴ እንስራዋን ልታወርድ ስትል ነው፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ጎንበስ ብሎ ሲያስል መሮው ከእጁ ወደቀ። ሳሉ ሲቆም ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ተስፉ መጣና የራሱን ትርፍ ጨርቅ ነክሮ ዘረጋለት። አባቴ ጨርቁን አየው። ወደ እናቴ አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

እናቴ ትከሻዬን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ጠራቢዎቹ መዶሻቸውን አቁመዋል፤ ያ ሁሉ ቋቋታ ጸጥ ሲል ለጆሮ ይከብዳል። አባቴ ጨርቁን ወደ ፊቱ አነሣ። እዚያች ላይ ጥሩነህ ከወዲያ ጥግ ጮኸ፤ "ያዙልኝ! አንዳርጌ ተገዛ! ወንድሙ ጫካ በጥም ሲደርቅ እሱ እዚህ ከካቦው እጅ ይጠባል!"

የወንድሙን ነገር ባያነሣ ኖሮ! አባቴ ጨርቁን ከፊቱ አወረደ። በሁለት እጁ ይዞ ይጠመዝዘው ጀመር፤ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ጠመዘዘው። ውሃው ነጩ አቧራ ላይ ወርዶ ትናንሽ ጉድጓዶች አበጀ። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠበቀ፤ ከዚያ አራገበው፤ ነፋሱ ላይ ይዞ አደረቀው። ደረቁን ጨርቅ ፊቱ ላይ አሰረና፣ "ይኸው ካቦ፣ አሰርኩልህ" አለ። ሁሉም ሳቁ፣ አጨበጨቡም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙዎቹ እንደ እሱ ደረቁን ማሰር ጀመሩ፤ ጾምም ተጠበቀ፣ ካቦውም ዝም አለ ብለው። ያ ድንጋይ ግን ብናኙ ከጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ ደረቅ አቡጀዲ ለእሱ ወንፊት ነው። እንዲያውም ጨርቁ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሱት ይውላሉ።

ተስፉ ከዚያ በኋላ አፋቸውን ትቶ ድንጋዩን ያዘ። አፍ የማይነካ ውሃ ማን ይከለክላል? ድንጋዩን በደንብ እንንከረው፣ ሲጠረብም አይድረቅ አለ። ይህንን ጠራቢዎቹ እንኳ አልጠሉትም። በበጋ ግን ወንዙ ቀጥኗል፤ ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ወርደው በተራ ይቀዳሉ። የቀዱትን ደግሞ የሥራው ኃላፊ ጣሊያን፣ ፊቱ የበርበሬ ቀለም ያለው ሰውዬ፣ ለኖራው ማቡኪያ ያዘዋል። ተስፉ አንድ ቀን ሄዶ በቋንቋቸው ተከራከረው። እጁን ወደ ሰዎቹ፣ ወደ ጉሮሮው፣ ወደ ጉድጓዱ እያመላከተ ብዙ ተናገረ። ጣሊያኑ አዳመጠው፤ ሲጨርስ በጥፊ መታው። ቆቡ ወድቆ ኖራው ውስጥ ገባ።

ጠራቢዎቹ ሳቁ። ባንዳ በጌታው ሲመታ ማየት ለእነሱ በዓል ነበር። አባቴም ሳቀ። ሳቁን ሳል አቋረጠው፤ ሳሉ ሲለቀው እንደገና ሳቀ። ተስፉ ቆቡን ከኖራው አውጥቶ እያራገፈ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ለራሱ መጠጫ የያዘውን ኮዳ ከፍቶ አባቴ የሚጠርበው ድንጋይ ላይ አፈሰሰው። አባቴ ሳቁን አቆመ። ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ፋሲካ ሲሆን ጨርቁ ተመለሰ። ግን ዓመቱን እዩት እስቲ፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፤ ሁለተኛው ሁዳዴ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ነበር። ቤቱ እያማረ ሄደ። ሰዎቹ እየከሱ ሄዱ። መጀመሪያ አንድ ከጉንደ ወይን የመጣ ልጅ እግር ጠራቢ ዳገት መውጣት አቃተው፤ ሰው ዓይነ ጥላ ነው አለ። ቀጥሎ ሌላው። ጠበል ወሰዷቸው፤ ፌጦ አጠጧቸው። የአባቴ ሳል ደግሞ ቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ሆኖ አብሮን ይኖር ጀመር፤ ከእኛ ጋር ይተኛል፣ ከእኛ ቀድሞ ይነሣል።

ጣሊያን የተሸነፈ ዕለት ከተማው በእልልታ ሲናወጥ አባቴ አልጋ ላይ ነበር። ወንድሙ ከጫካ ፀጉሩን አንጨባሮ፣ ጠብመንጃውን አንግቦ መጣ። አባቴ ሊቀበለው ከመደቡ ተነሣና ከበሩ ሳይደርስ ተቀመጠ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ አጎቴ ወደ ጭፈራው ከወጣ በኋላ፣ ተስፉ መጣ። ቡትሱን አውልቋል፤ የአገር ሰው ጋቢ ለብሷል። ሰዉ እየፈለገው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከበሩ ቆመ፤ አልገባም። አባቴ ሲተነፍስ ይሰማል። ተስፉ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ አዳመጠና፣ "የወንድሜ ድምፅ ነው" አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላውቅም።

"ካቦ" አለ አባቴ፣ ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ከፍሎ። "ደስ ይበልህ እንግዲህ።"

"ደስ ቢለኝማ አልመጣም ነበር፣ አያ አንዳርጌ።"

አባቴ ሌላ ነገር ሊል እንደፈለገ ፊቱ ይናገር ነበር፤ ግን ትንፋሹ ለትዕቢቱ እንጂ ለዚያ ለሌላው ነገር አልበቃውም። ተስፉ ለእናቴ እጅ ነሥቶ ወጣ። አባይን ተሻገረ የሚል አለ፤ ሳይሻገር ይዘው ገደሉት የሚልም አለ። የጠየቀ ግን የለም። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ ማንን እጠይቃለሁ?

በቀጣዩ ሁዳዴ መምሬ አድማሱ ቤታችን መጡ። ከአባቴ መደብ ጎን ተቀምጠው ደረቱን አዩ፤ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። "አንዳርጌ ልጄ፣ አንተ ሕመምተኛ ነህ። ከጠዋት ጀምረህ ውሃ ጠጣ፤ ፈቅጄልሃለሁ" አሉት። እናቴ ውሃ በዋንጫ አቀረበችለት። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። አባቴ ዋንጫውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከንፈሩን አስነካውና መለሰላት። መምሬ ያለቅሱ ነበር። እናቴ ግን ፊታቸውን አላየችም፤ ዋንጫውን ይዛ ደጅ ወጣችና ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። አባቴ ለፋሲካ አልደረሰም።

ከእነዚያ ጠራቢዎች አርጅቶ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጥሩነህ። ከጣሊያን በኋላም ድንጋይ ሲጠርብ ኖረ። ብዙ ዘመን ሰላምታ ነሥቼው ኖርኩ። ስንት ዘመን አልፎ፣ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ ሁለታችንም ሽበታችንን ይዘን አንድ ክፍል ገባን፤ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። አንድ ከሰዓት መምህሩ ቀርቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ሳልጠይቀው ጀመረው።

"ደምሌ፣ አባትህ ሞኝ ነበር" አለኝ።

እጄ ዱላዬን ጨበጠ።

"እኛ ሁላችን ሞኝ ነበርን እንጂ። እኔ ግን ፈሪም ነበርኩ፤ ፍርሃቴ አተረፈኝ። ካቦው የወንድሞቹን ነገር ሲያወራ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሰው ተደብቄ አንድ ጨርቅ እነክርና ፊቴ ላይ አስረዋለሁ፤ ከላይ ደግሞ መጀመሪያ የጋቢዬን ጫፍ፣ በኋላም እንደ ሰው ሁሉ ደረቅ ጨርቅ እደርብበታለሁ። ማንም አያውቅም። ሁዳዴውን ሁሉ እንደዚያ ነው የሠራሁት።"

"አባቴንስ ለምን ሰደብከው?" አልኩት።

"ያን ቀን ገና ጨርቄን ማሰሬ ነበር። ጋቢዬን ከላይ አልደረብኩም። ሰው ሁሉ መዶሻውን አቁሞ ዙሪያውን ያይ ጀመር። እኔን እንዳያዩኝ ነዋ የጮህኩት! ጨርቁን ወደ አገጬ ሸሸግሁና የሚቆርጥ ነገር ፈለግሁ፤ የወንድሙ ነገር መጣልኝ።" ቀጥሎም፣ "ንስሐ ገብቼበታለሁ" አለ፤ "ስለ ጾሙ።"

"ስለ አባቴስ?" አላልኩትም። ዱላዬን አንሥቼ ልመታው ነበር፤ ሰማይ ምስክሬ ነው። ሽማግሌው ግን ዱላው መነሣቱን አላየም፤ ፀሐዩ አሙቆት፣ የሚናገረውን ተናግሮ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ምንም የሚሰነጠቅ፣ ምንም የሚያፏጭ ነገር የለበትም። እንደ ሕፃን ትንፋሽ ንጹሕ ነው። ተስፉ ከዚህ አገር ትቶት የሄደው ይኸው ነው፤ ያን ሁሉ ስድብ ይመራ የነበረውን ሰው ጤነኛ ደረት። ዱላዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ፀሐዩ ከእኛ ላይ እስኪያልፍ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ ሲተነፍስ አዳመጥኩት።